በሰከንድ መቶ ስልሳ ስለሚቀዳው ቴፕ

ሰኔ 14 ቀን 2001 ዓ.ም.
ፍኖተ ሰላም

ለክቡር አቶ ሃይለ ሚካኤል ይርሳው
የተቀናጀ የመዝገብ መረጃ ማደራጃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የአሥራ አራቱ ቀበሌ የይዞታ መዝገቦች ሰኔ 30 ከመቃጠላቸው በፊት ቴፑ አንድ ጊዜ እንዲነበብ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ክረምቱ ገብቷል፤ የቢሮዎ መስኮት ደግሞ አጥብቆ ስለማይዘጋ ብርድ እንዳያገኝዎ በየጠዋቱ ጨርቅ ወትፌበት እወጣለሁ። ለቤተ ሰብዎም ደህንነትን እመኛለሁ።

በስም ላያውቁኝ ስለሚችሉ ራሴን ላስተዋውቅ። ደስታነሽ እጅጉ እባላለሁ። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ጽሕፈት ቤቱን የማጸዳውና ደብዳቤ የማደርሰው እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የተማርሁት ሰው ከጣለው ወረቀት ነው። ሥልጠና በተሰጠ ቁጥር ሠልጣኞቹ ጽሑፉን ከወንበር ሥር ትተውት ስለሚሄዱ፣ ለሠላሳ ሰው ከታሰበው ትምህርት ሠላሳውም ድርሻ ለእኔ ይተርፋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ያስተማረኝ ነውና፣ ስህተት ቢገኝበት ሥልጠናው ላይ እንጂ እኔ ላይ እንዳይፈርዱ እለምናለሁ።

ነገሩን በግልጽ ደብዳቤ ማድረጌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ። ቴፑ እንዲነበብ ቀደም ሲል ሦስት ማስታወሻዎች በመዝገብ ቤት በኩል አስገብቻለሁ። ሦስቱም «ለሚመለከተው ክፍል ይመራ» የሚል ጽሑፍ አርፎባቸው ተመርተዋል። ሚያዝያ ላይ ዕቃ ማስቀመጫውን ሳጸዳ ሦስቱንም ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ጋር ታስረው አገኘኋቸው። የሚመለከተው ክፍል እሱ እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ። በመሆኑም ምስጋናዬን እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ከሁሉ በፊት ባለፈው ኅዳር እንግዶች በተገኙበት ስለተደረገው የቴፕ ማሽን ፍተሻ አመሰግናለሁ። ይህን የሚያነብ ሰው እንዳይቸገር ነገሩን ባጭሩ ልናገር። የአሥራ አራት ቀበሌ ገበሬ ማሳ፣ ማን እንደያዘው፣ ስፋቱ ስንት እንደሆነ፣ በአራቱም ማዕዘን ማን እንደሚያዋስነው በ1997 ዓ.ም. በወረቀት ተመዘገበ። ከዚያም ጸሐፊዎች ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀምጠው ወደ ሰርቨሩ አስገቡት። ሰርቨር አንድ ቀን መሞቱ ስለማይቀር፣ የያዘውን ሁሉ የመዳፍ ያህል በሆነ ጥቁር ካሴት የሚቀዳ ማሽን ተገዛ። የዚያን ቀን የሚፈተሸው ይህ ማሽን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚቀዳ ነበር።

እንግዶቹ ከመግባታቸው በፊት ባለሙያው ሙንዲር፣ ያ ከቡሬ የመጣው ዝምተኛ ሰው፣ ማሽኑን በእውነተኛው መዝገብ ሞከረው። እኔ ወለሉን እየወለወልሁ ነበር። መዝገቡ ብዙ ሺህ ትንንሽ ቁራጭ በመሆኑ ሰርቨሩ ቶሎ ቶሎ አላቀብል አለ፤ ማሽኑም የሚቀዳው ሲያጣ ይቆማል፣ ቴፑን ወደ ኋላ ይመልሳል፣ እንደገና ይነሳል። ትልሙን ሳይጨርሱ በየክንዱ እየዞሩ የሚመለሱ በሬዎች ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በሰከንድ አሥራ አንድ ሜጋባይት ሆነ። እርስዎ በር ላይ ቆመው ሰሙት። «እንግዳ ፊት እንዲህ እያነከሰ ልታሳየው ነው?» አሉት። «የሚፈጥንለት ነገር ስጠው።»

ሙንዲርም እጁን ከመጻፊያው ላይ ሳያነሳ፣ «የሚፈጥነውማ ባዶ ነገር ነው፣ ጌታዬ» አለ።

እርስዎም ባዶው ይሰጠው አሉ። እሱም ምንም ያልተሞላበትን የመመዝገቢያ ቅጽ አርባ ሺህ ጊዜ ደጋግሞ አንድ ትልቅ ፋይል አደረገው። አንድ ዓይነት ነገር ሲደጋገም ማሽኑ አጥፎና ጠቅጥቆ ስለሚይዘው ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ይህም በሥልጠናው ጽሑፍ ገጽ አሥራ ሁለት ላይ አለ። እንግዶቹ ገቡ፤ ማሽኑ አንዴም ሳይቆም በአንድ ትንፋሽ ቀዳው። በሰከንድ መቶ ስልሳ። ተጨበጨበ። እኔም ባልዲዬን አስቀምጬ አጨብጭቤአለሁ፤ ሳላጨበጭብ ብቀር ደስ እንደማይልዎ ስለማውቅ ነው።

2ኛ. ቴፑ ተቀድቶ ካለቀ በኋላ መልሶ ስላልተነበበ አመሰግናለሁ። ሙንዲር ከቴፑ ወደ ሰርቨሩ መልሰን አንብበን እንይ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቋል። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ጽፎ የለ እንዴ፣ የጻፈውን ምን ያስነብበዋል አሉት። እርስዎም ምሳው ሳይቀዘቅዝ እንሂድ አሉ። በጉ ከጠዋት ጀምሮ ይጠበስ ስለነበር ውሳኔዎ ትክክል ነበር፤ የቀዘቀዘ ሥጋ ተመልሶ ቢሞቅም እንደ መጀመሪያው አይሆንም። መዝገብም እንደዚያው መሆኑን ግን ያን ጊዜ የተናገረ አልነበረም።

3ኛ. ከምሳ መልስ ያንኑ ካሴት በራስዎ እጅ «የ14 ቀበሌ ይዞታ መዝገብ፣ ሙሉ» ብለው ጽፈውበት፣ በሰም አሽገው ካዝና ውስጥ ስላስቀመጡት አመሰግናለሁ። እውነተኛው መዝገብ ቅዳሜ ረጋ ተብሎ ይቀዳል ተብሎ ነበር። ቅዳሜ ግን ግምገማ ሆነ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የግምገማው ማጠቃለያ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሪፖርቱ «መቶ በመቶ ተከናውኗል» ብሎ ስለሄደ፣ መቶ በመቶ የተከናወነን ነገር እንደገና ማከናወን ሪፖርቱን ሐሰት ያደርገዋል ተብሎ ተተወ። ይህን ያሉት እርስዎ አይደሉም፤ የተባለው በስብሰባ ነው። እኔ ሻይ እያቀረብሁ ነበር።

4ኛ. ሙንዲር ጥያቄውን በጽሑፍ ባቀረበ በሁለተኛው ሳምንት ወደ መራዊ ተዛውሯል። ስለ ፈጣን ውሳኔዎ አመሰግናለሁ። ይህም ከመቶ ስልሳው የሚያንስ ፍጥነት አይደለም።

5ኛ. ግንቦት 9 ቀን መብረቅ ወርዶ ሰርቨሩ ተቃጠለ። ወደ ባሕር ዳር የተላከው ዲስኩም፣ ከውስጡ ምንም ማውጣት አይቻልም የሚል ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ጽሕፈት ቤቱ ግን አልደነገጠም፤ ሁሉም ቴፑ ላይ አለ፣ አዲሱ ሰርቨር በመጪው በጀት ዓመት ሲገዛ እንመልሰዋለን ተባለ። በዚሁ እርጋታ፣ ወረቀቱ ከሥራ ውጭ ስለሆነና መጋዘኑ ለስብሰባ አዳራሽ ስለሚፈለግ፣ አሥራ አራቱ መዝገቦች ሰኔ 30 በኮሚቴ ፊት እንዲቃጠሉ ተወሰነ። ውሳኔውን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍሁት እኔ ነኝ። ሙጫው አልይዝ ብሎኝ ሁለት ጊዜ ለጥፌዋለሁ።

እዚህ ላይ ምስጋናዬን ገታ አድርጌ ስለ አንዲት ሴት ልንገርዎ።

አልጣሽ የምትባል፣ ከቡሬ ወዲያ ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ማሳዋ ሁለት ቃዳ፣ ግማሽ ሄክታር ያህል ነው። አምና ሣር ቤቷ ሲቃጠል የይዞታ ደብተሯም አብሮ ተቃጠለ። የሟች ባሏ ወንድም ደጀኔ ደብተር የላትም የሚለውን ሲሰማ ማሳው የወንድሜ ነው፣ ወደ እኔ ይመለስ ብሎ ከሰሳት። ዳኛው ቸር ሰው ናቸው፤ ከመዝገቡ ማረጋገጫ ካመጣሽ ይበቃኛል ብለው ለሐምሌ 9 ቀጠሯት። እሷም ከግንቦት ጀምሮ አምስት ጊዜ ወደዚህ ተመላልሳለች። አምስቱንም ጊዜ ሰርቨር የለም ተባለች። ወረቀቱን ተመልከቱልኝ ስትል ደግሞ ወረቀቱ ከሥራ ውጭ ሆኗል ተባለች። በመጨረሻው ቀን ዝናብ መትቷት በረንዳው ላይ ነጠላዋን ስትጨምቅ አገኘኋትና አስገባኋት።

«እህቴ» አለችኝ፣ «መሬት መዝጋቢው ኮሚቴ የመጣ ጊዜ ማሳው ዳር ቆሜ አዋሳኞቼን በየስማቸው ጠርቻለሁ። እየጠራሁ ጽፈዋል። ያን ቀን የተናገርሁትን ነው መልሳችሁ ንገሩኝ ያልሁ፤ ሌላ ምን ጠየቅሁ?»

ክቡር ሆይ፣ ይህች ፊደል ያልቆጠረች ሴት የጠየቀችው ሙንዲር የጠየቀውን ነው። የጻፋችሁትን መልሳችሁ አንብቡት ነው ያለችው። እኔ የነበረኝ የሞቀ ሻይ ነው፤ እሱን ሰጠኋት።

ሁለት ጥቃቅን ወረቀቶች ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። የመጀመሪያው አሥራ አንድ የሚለው የፍጥነት ውጤት ነው፤ ጨምድደው ወደ ቅርጫት ስለጣሉት በተቻለኝ መጠን አቃንቼዋለሁ። ሁለተኛው ያን ቀን ቴፑ ላይ የተቀዳው ነገር ዝርዝር ነው። ዝርዝር ቢሆንም አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ ጊዜዎን አይወስድም፤ «ባዶ ቅጽ» ይላል። ምናልባት ረስተውት ይሆናል። ኃላፊ ሰው ብዙ ነገር ያስባል። እኔ ግን የማስበው ጥቂት ስለሆነ፣ የካዝናውን አቧራ በጠረግሁ ቁጥር በውስጡ አርባ ሺህ ጊዜ «በምሥራቅ የሚያዋስነው» የሚል ቃል ተጽፎ፣ ከጎኑ አርባ ሺህ ጊዜ ሰው እንደሌለ ይታየኛል።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማሽኑ ደህና ነው፤ ከመብረቁ የተረፈውም ያን ቀን ነቅዬው ስለነበር ነው፤ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ከመራዊ ሙንዲርን ለአንድ ቀን አስመጥተው፣ ማሽኑን ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር አገናኝተው፣ ከሰኔ 30 በፊት ቴፑን ያስነብቡት። ከቴፑ የአንድ ሰው፣ የአንዲት አልጣሽ ስም እንኳ ከወጣ፣ ክብሪቱን የማቀብልዎ እኔ ነኝ፤ አመዱንም የምጠርገው መቼም እኔው ነኝ። ካልወጣ ግን መዝገቦቹ ባሉበት ይቆዩ፤ ስብሰባውም እንደ ወትሮው በጠባቡ ክፍል ይደረግ። በጠባቡ ክፍል ሲሆን ቶሎ እንደሚያልቅ በአሥራ አንድ ዓመት ታዝቤአለሁ።

ለሰጡን ፍጥነት ሁሉ እያመሰገንሁ፣ ዕድሜና ጤና እንዲሰጥዎ፣ ወንበርዎም እንዳይነቃነቅ በመመኘት፣ ደጅዎን በመጥረግ፣ ቅርጫትዎን በመድፋት፣ ከመድፋቴም በፊት በማንበብ የማገለግልዎ፣

ደስታነሽ እጅጉ
የጽዳትና የተላላኪነት ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለማስታወቂያ ሰሌዳው (በዚህ ጊዜ ሙጫው ጥሩ ነው)
መራዊ ለሚገኘው ለአቶ ሙንዲር
ጉዳይዋን ለያዙት ዳኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እኔም የራሴን ፍተሻ ማድረጌን ሳልገልጽ ብቀር ታማኝነቴን ያጎድለዋል። ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ በምሳ ሰዓት፣ መዝገቡን ከመጋዘኑ ሳላወጣ፣ የአልጣሽን ቀበሌ በባለ መስመር ደብተር በእጄ ገልብጫለሁ። ፍጥነቴ በሰዓት ሦስት ገጽ ነው፤ እንግዳ የሚጠራበት አይደለም። በሬዎቹንም መስዬ ነበር፤ ዓይኔ ስለደከመ እየቆምሁ፣ እየተመለስሁ፣ እንደገና እየተነሳሁ ነው የጨረስሁት። ስጨርስ ስሟን የማልነግርዎ ባልደረባዬ ዋናውን ጮክ ብላ እያነበበች እኔ ግልባጬን በጣቴ ተከተልሁ፤ ሁለት ስህተት አግኝተን አረምን። ግልባጬ ማኅተም የለውምና ዳኛ ፊት አይቆምም፤ ለዚህም ነው ዋናው እንዳይቃጠል የምለምንዎ። ሌሎቹ አሥራ ሦስት ቀበሌዎች ደግሞ የምሳ ሰዓቴ ስላልደረሳቸው በእርስዎ እጅ ናቸው። የእኔን ደብተር መልሰን ስናነበው ግን ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ እንዲህ ይላል፦ አልጣሽ፣ ሁለት ቃዳ፣ በምሥራቅ የሚያዋስነው ቢሆነኝ፣ በምዕራብ ወንዙ፣ በሰሜን ጠሃ፣ በደቡብ ህይወት። አራቱም ቦታ ሰው አለበት፤ ከወንዙ በቀር።