መፍራት ስላቆመው ውሻ፣ ለመንገዳችን የጽዳት ኮሚቴ ሰብሳቢ

ለተከበሩ ኡስታዝ በሽር
የመንገዳችን የጽዳት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ዐማራት፣ ካርቱም
ሰኔ 1995 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። እርስዎም ባለቤትዎም መላው ቤተሰብዎም እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም እንደ ወትሮው ያልተረበሸ ይሁን እያልሁ፣ በሐጃ ነዕማት ቤት ተቀጥሬ የምሠራው እኔ የከሚሴዋ ሐምዲያ ይማም ይህን ደብዳቤ በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ዐረብኛ መናገር እንጂ መጻፍ ስለማልችል በአማርኛ ጽፌ ሐበሾች በሚገናኙበት ሱቅ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። እዚሁ ተወልዳ ያደገችው ጓደኛዬ ዘምዘም ደግሞ ወደ ዐረብኛ መልሳ በበርዎ ሥር ታስገባልዎታለች።

አንደኛ፣ በየካቲት ወር በሐጃ በር ላይ ቆመው፣ «ይህ ውሻ በሦስት ወር ውስጥ ካልታረመ ይወገዳል» ስላሉ አመሰግናለሁ። እውነትዎን ነበር። የሐጃ ልጅ ሂሻም ለሥራ ባሕር ሲሻገር ለእናቱ የተወላቸው ሲምሲም፣ ሌላ ውሻ ባየ ቁጥር ጥርሱን አግጦ ይወረወር፣ እኔንም በአሸዋው ላይ ይጎትተኝ ነበር። ሐጃ ግን ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ እሱ እግራቸው ሥር ካልተኛ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ስለዚህ ከድልድዩ ማዶ፣ ባሕሪ ሰፈር ወዳሉት የእንስሳት ሐኪም፣ ወደ ዶክተር አምጀድ ወሰድሁት። ቡችላ ሳለ ሦስት የመንገድ ውሾች የዘነጠሉትን ጆሮውን ዳሰሱና፣ «ልጄ፣ ይህ ጀግንነት አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ቀድሞ ካልጮኸ የሚበሉት ይመስለዋል። ብትመቺው ፍርሃቱን ታብሺበታለሽ» አሉኝ። ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ በሚያፍስበት ቀን ከበር ጀርባ ቆሜ የማውቀው ፍርሃት ስለሆነ ለመረዳት አልተቸገርሁም።

ያላለቀውን ፎቅ የሚጠብቁት ዘበኛ ዐም ጂብሪል፣ ወርዳ የምትባል አሮጊት ውሻ ነበረቻቸው። ለመንኋቸውና በየማለዳው ይዘዋት ይቆሙልኝ ጀመር። መጀመሪያ በሰባ እርምጃ ርቀን ቆምን። ሲምሲም ወርዳን አይቶ ገና ሳይጮህ አንዲት ቁራጭ ጉበት እሰጠዋለሁ፤ ከጮኸም ያለ ቁጣ ዞረን እንሄዳለን። የያዘው እጅ ሲጨነቅ የውሻውም ልብ ይጨነቃልና ገመዱን እንዳላጠብቅ ዶክተሩ አስጠንቅቀውኝ ነበር። ለሶላት የውሻ ምራቅ የነካውን እጄን ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር እያሸሁ ስታጠብ ዘምዘም ትስቅብኝ ነበር። በመጋቢት አርባ እርምጃ ደረስን። አንድ ቀን ከኋላችን የመጣ ውሻ ደርሶብን ሁሉም ነገር ፈረሰና እንደገና ከስልሳ ጀመርን። በግንቦት ግን ሁለቱ በአንድ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ጎን ለጎን ተኙ። ዐም ጂብሪል ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዞሩ፤ እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስሁ።

ትእዛዝዎ መፈጸሙን እንዲያዩ ሁለቱን ውሾች ይዘን በርዎ ድረስ መጣን። «ማሻአላህ! ከሰው ተሻለ እኮ» ብለው በሲምሲም ራስ ላይ እጅዎን ሊያደርጉ ቃጥተው ተዉት። ስለዚያች ቃልም አመሰግናለሁ፤ ለሐጃ ስነግራቸው ሁለት ጊዜ አስደግመውኛል።

ሁለተኛ፣ ኮሚቴው የመንገድ ውሾችን በመርዝ ለማጥፋት መወሰኑን ለነዋሪው በጽሑፍ ስላሳወቀ ምስጋናዬ ላቅ ያለ ነው። ማስታወቂያው በኮሚቴው ቢሮ ውስጥ፣ በተቆለፈው በር ጀርባ፣ ከውስጥ በኩል በጥሩ ሁኔታ ተለጥፎ እንደነበር መርዙ ከተጣለ ከሦስት ቀን በኋላ በመስኮት አይተናል። ጽሕፈቱ እጅግ ያምራል።

ሦስተኛው ላይ የሚያመሰግን ቃል ፈልጌ አጣሁ፤ ድፍረት አይሁንብኝና የሆነውን ብቻ ልንገርዎ። ሐሙስ ማለዳ ሲምሲምን ይዤ ወጣሁ። ዐም ጂብሪል ከቧንቧው ውኃ ሊቀዱ ሄደው ነበር፤ ወርዳና ሁለት የመንገድ ውሾች አሸዋው ላይ የወደቀ ነገር ይበላሉ። ድሮ ቢሆን ሲምሲም ጮኾ፣ ተወራጭቶ፣ እኔንም ጎትቶ ወደ ቤት ያስመልሰን ነበር። ያን ቀን ግን አያቸው፤ ከዚያም እንዳስተማርሁት ዝም ብሎ ወደ እኔ ቀና አለ። ደስ አለኝ። «ጎበዝ» ብዬ ጉበቱን ሰጠሁትና ገመዱን አላላሁለት። ሄዶ ከወርዳ አጠገብ ቆመ፤ አብሯትም በላ።

ገመዱን ያላላሁት እኔ ነኝ፣ ኡስታዝ። ይህን እርስዎ እንዲሸከሙልኝ አልጠይቅም።

ወርዳ ቀድማ ወደቀች። ሲምሲም መንቀጥቀጥ ሲጀምር ተሸክሜው ወደ ዋናው መንገድ ሮጥሁ። ሦስት ታክሲ ውሻ አንጭንም ብሎ አለፈን፤ አራተኛው አቆመ። ድልድዩ እንደ ወትሮው በመኪና ተዘግቶ ነበር። ሲምሲም ጭኔ ላይ ሁለት ጊዜ ተንፈራገጠ፤ ከዚያ አልተንቀሳቀሰም። ሾፌሩ በመስተዋቱ አየኝና ሬዲዮውን አጠፋ። «እኅቴ፣ ልመለስ?» አለኝ። ተመለስን። ሐጃ የእግሬን ኮቴ ብቻ ሰምተው፣ «ብቻሽን ነሽ?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ምግብ የሚቀምሱት ስለምናቸው ብቻ ነው፤ ሂሻም ሲደውልም ስልኩን ለእኔ ይሰጡኛል።

አራተኛ፣ ቤትዎ ድረስ መጥቼ ስለ መርዙ ስጠይቅዎ፣ «ውሻ እንጂ ሰው አልሞተ። ያላ፣ ወደ ሥራሽ» ብለው ልቤን ስላረጋጉልኝ ባለዕዳዎ ነኝ። የወርዳ ሬሳም በዚያ ሙቀት ሦስት ቀን መንገዱ ላይ ሲቆይ፣ የጽዳት ኮሚቴው ቸኩሎ ባለማንሣቱ ዐም ጂብሪል በገዛ እጃቸው ሊቀብሯት ችለዋል። በማግሥቱ ፎቁን ትተው ወደ አገራቸው ሄዱ፤ ለሰፈሩ ስላተረፉለት ጸጥታም ምስጋና ይገባዎታል።

ካሣ አልጠይቅም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለወደፊቱ መርዝ የሚጣልበት ቀን በየበሩ እየተንኳኳ ይነገር። ማንበብ የማይችልም፣ ዐረብኛ የማያውቅም፣ ዓይኑ የደከመም በዚህ መንገድ ይኖራል።

ሥልጣንዎን አላህ ያጽናልዎ፤ መንገዱንም እንደሚወዱት ጸጥ ያለ ያድርግልዎ እያልሁ፣ ከፍ ባለ አክብሮትና ዝቅ ባለ አንገት የምሰናበትዎ፣

ታዛዥዎ
ሐምዲያ ይማም
በሐጃ ነዕማት ቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሲምሲም የሞተ ዕለት ከሰዓት በኋላ ከዘምዘም ጋር መንገዱን ከዳር እስከ ዳር አስሰን፣ ያልተበላ ሰባት ቁራጭ ሥጋ ለቅመን ጥልቅ አድርገን ቀብረናል። ሰባተኛውን ያገኘነው ከበርዎ በአራት እርምጃ፣ የልጅ ልጅዎ ሱላፋ ዕቃ ዕቃ በምትጫወትበት አሸዋ ላይ፣ በትንሿ ድስቷ ውስጥ ነው። ምስጋና አያስፈልግም።