ከመሬት የወጣውን ብረት ሲለዩ የኖሩት የወይዘሮ ሩሐማ ጅሩ የሕይወት ታሪክ (1955–2017 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ሩሐማ ጅሩ ከአባታቸው ከአቶ ጅሩና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሣራ በጂንካ አቅራቢያ በጋዘር ግንቦት 9 ቀን 1955 ዓ.ም. ተወለዱ። ከሰባት ልጆች ሦስተኛዋ ነበሩ። አባታቸው ከአሪኛ ሌላ ቋንቋ የማይሰሙ ገበሬ ቢሆኑም፣ ልጃቸው ስትማር ማየት ይወዱ ስለነበር ጂንካ ዘመድ ቤት አስቀምጠው አስተማሯቸው። ወይዘሮ ሩሐማም በ1974 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ።

በ1975 ዓ.ም. በጦር ሠራዊቱ ውስጥ በጥይት ግምጃ ቤት ጸሐፊነት ተቀጠሩ። ሥራቸው ገቢና ወጪ መመዝገብ ብቻ ነበር። እሳቸው ግን ሣጥኑ ሲከፈት ዓይናቸውን ከጥይቱ መንቀል አይችሉም ነበር፤ ይህ የየት አገር ነው፣ ይህ ቁጥር ምንድን ነው፣ ይህኛው አፉ ለምን ጠበበ እያሉ አለቃቸውን መቶ አለቃ ዓባይነህን ዕረፍት ይነሱ ነበር። መቶ አለቃውም ሰልችቷቸው ማስተማር ጀመሩ። የመጀመሪያው ትምህርት «ያላወቅሽውን አትንኪ፤ ባወቅሽውም አትተማመኚበት» የሚል ነበር።

በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ወይዘሮ ሩሐማ ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በጭነት መኪና ተጉዘው በአሥራ ሰባተኛው ቀን ጋዘር ገቡ። ይዘውት የተመለሱት የለበሱትን ልብስና አንድ ደብተር ነው። በደብተሩ ውስጥ በየጥይቱ ቂጥ ላይ የሚታተሙ ምልክቶች በእርሳስ ተሥለው ነበር። እናታቸው ወይዘሮ ሣራ ደብተሩን አገላብጠው አይተው «ስምንት ዓመት የሠራሽው ይሄን ነው?» ማለታቸውን ወይዘሮ ሩሐማ እየሳቁ ያወሩት ነበር።

በ1985 ዓ.ም. ጂንካ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። በ1986 ዓ.ም. ከጎፋ መጥተው በአናጢነት ይሠሩ ከነበሩት ከአቶ ደምሰው ጋር በቤተ ክርስቲያን ቃል ኪዳን ፈጽመው ኢየሩሳሌምን፣ ሚልክያስንና ልዑልን አፈሩ።

ነገሩ የተጀመረው በ1988 ዓ.ም. አቶ ደምሰው የመጸዳጃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ነው። ከወገባቸው በላይ በሚሆን ጥልቀት አካፋቸው አንድ የዛገ ነገር አወጣ። ወይዘሮ ሩሐማ እጃቸው ሊጥ እንደያዘ ወጥተው አዩት፤ ባዶ ቀለሃ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ በኖራና በጨርቅ ፈተጉት። ቂጡ ላይ ቁጥር ብቅ ሲል «ደምሰው! የጣሊያን ጊዜ ነው! ዓመቱ ሳይቀር አለ!» ብለው እልል አሉ። ጎረቤት ወርቅ የተገኘ መስሎት አጥር ዘሎ ገባ። ወርቅ አለመሆኑን ሲያዩ ያዘኑ አልጠፉም፤ በማግስቱ ግን አንዷ ጎረቤት ዶሮዎቿ ውኃ የሚጠጡበትን የብረት ቆብ ይዛ መጣች።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በረንዳቸው ሰው አጥቶ አያውቅም። የቀበቶ ዘለበት፣ የኮት ቁልፍ፣ የወታደር ማንኪያ፣ የዛገ ጎራዴ ይመጣ ነበር። በሥራ ምክንያት ዲመካ ሲሄዱ ደግሞ በገበያው ዳር ከሐመር ሴቶች ጋር ይቀመጣሉ፤ ሴቶቹ ለጌጥ ያንጠለጠሉትን ቀለሃ እያገላበጡ ያሳዩዋቸዋል፤ እሳቸውም በተሰባበረ ሐመርኛ «ይሄ ከአያትሽ ይበልጣል!» ሲሉ ሳቁ እስከ ከብት ተራ ይሰማ ነበር።

ይሁንና ስማቸው በደቡብ ኦሞ የታወቀው በ1996 ዓ.ም. ቀይ አፈር በምትባለው ከተማ በሆነው ነገር ነው። ለመሥሪያ ቤታቸው ደብዳቤ አድርሰው መኪና እስኪሞላ በገበያው ሲዘዋወሩ፣ የታወቁት ባለእጅ አቶ ዳርጌ የጋለ ማረሻ ሲቀጠቅጡ አዩ። ማረሻውን ያሳረፉበት መስፍ መሬት ውስጥ የተተከለ ድቡልቡል ብረት ነበር፤ ጠፍጣፋው ጎኑ ወደ ላይ ነው። ከመሬቱ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ የመዳብ ቀለበት ዙሪያውን ይዞታል። ወይዘሮ ሩሐማ ጎንበስ ብለው ቀለበቱን አዩ። በላዩ ሰያፍ ጭረቶች ነበሩበት።

«ጋሽ ዳርጌ፣ መዶሻውን ቀስ አድርገው መሬት ላይ ያኑሩልኝ።»

«ምነው ልጄ? ማረሻው እየቀዘቀዘብኝ እኮ ነው።»

«መስፍዎ የመድፍ አረር ነው። እነዚህ ጭረቶች አፈሙዝ ውስጥ ሲያልፍ የተቆረጡ ናቸው። ተተኩሷል፤ አልፈነዳም። መፈንጃው ከታች አፈር ውስጥ ነው።»

አቶ ዳርጌ ሳቁ። «ይሄን ከሸለቆ አውጥቼ ከተከልሁት አራት ዓመቴ። የሚፈነዳ ቢሆን ድሮ በፈነዳ!»

«ይመቱታል፣ ይመቱታል፤ አንድ ቀን እሱ ይመታዎታል!»

ባለእጁ አሁንም መዶሻቸውን አልለቀቁም፤ ገበያተኛውም ከብቦ ይሳሳቃል። ያኔ ወይዘሮ ሩሐማ ደብተር የያዘ ቦርሳቸውን አቅፈው መስፉ አጠገብ ቁጭ አሉ። «እንግዲያው ሦስት ልጆች አሉኝ። ማን እንደሚያሳድግልኝ ለዚህ ሰው ሁሉ ይንገሩና ይምቱ» አሉ። ሳቁ ቆመ። አቶ ዳርጌም መዶሻውን እንደ ዕንቁላል አስቀመጡት።

ፖሊስ ተጠርቶ ገበያው ተነሣ። ፈንጂ አምካኝ ወታደሮች በሦስተኛው ቀን ደርሰው ብረቱን በጥንቃቄ አውጥተው ሰው ወደሌለበት ሸለቆ ወሰዱት። ሲያፈነዱት መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ፍየሎች ከጉረኖ በረው ወጡ፤ አቧራው ከዛፍ በላይ ቆመ። ወይዘሮ ሩሐማ «አልኳችሁ! አልኳችሁ አይደል!» እያሉ እንደ ልጅ ዘለሉ፤ ወዲያው ደግሞ ተቀምጠው አለቀሱ። አቶ ዳርጌ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን እያገላበጡ ያዩ ነበር። አቶ ደምሰው ግን ሚስታቸው መስፉ ሥር መቀመጣቸውን ሲሰሙ ሦስት ቀን አኮረፉ። መኮረፋቸው ትክክል ነበር፤ ወይዘሮ ሩሐማም በዚያ ጥፋታቸውን አምነው ከዚያ ወዲያ ለሰው ሁሉ «ራቁ፣ ምልክት አድርጉ፣ ተናገሩ» ብለው ሲያስተምሩ የራሳቸውን ስሕተት ሳይጠቅሱ አያልፉም ነበር። አቶ ዳርጌም እስኪሞቱ ድረስ ለወይዘሮ ሩሐማ ወንድም ሆነው ኖሩ፤ በየገበያው ቀን ከመሬት ወጣ የተባለውን ወሬ በሾፌር ይልኩላቸው ነበር።

ወይዘሮ ሩሐማ ሁሉን አላወቁም። በ2003 ዓ.ም. ከኮልቾ መንደር በታች የኦሞ ወንዝ ዳርቻውን ሲንደው የወጣ አንድ ጠፍጣፋ ብረት ሲያዩ «አውሮፕላን ነው! የወደቀ አውሮፕላን!» ብለው ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጡ፤ ፎቶ አስነሥተው ለሚያውቅ ሰው ላኩ። መልሱ የውኃ መሳቢያ ሞተር ክዳን ነው የሚል ነበር። ክዳኑን ሳሎን ሰቅለው ሥሩ «የሩሐማ አውሮፕላን» ብለው ጻፉበት። እንግዳ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የሚያሳዩት እሱን ነው።

በ2015 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ። ከዓመታት በፊት የጀመራቸው የስኳር ሕመም በ2016 ዓ.ም. ኩላሊታቸውን ጎዳ፤ በጂንካና በአርባ ምንጭ ቢታከሙም እየደከሙ ሄዱ። ከማረፋቸው ሁለት ወር አስቀድሞ ምስጋና የተባለ የቀን ሠራተኛ ከከተማው ዳር መጣ። ለቤቱ መሠረት ሲቆፍር ብረት አግኝቶ ሥራውን አቁሞ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ጎረቤት ቤት ከተጠጋ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። እንደተማረው ብረቱን ሳይነካ ፎቶ ብቻ ይዞ ነው የመጣው። ቤተሰቡ ታምመዋል ብሎ ሊመልሰው ሲል ከውስጥ «መነጽሬን!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ስልኩን ወደ ብርሃን አዙረው፣ ምስሉን አስፍተው፣ ደግመው ደጋግመው አዩት። ከዚያ ፊታቸው በራ።

«የልብስ ስፌት መኪና እግር ነው። ቤትህን ሥራ። ብረቱንም ለልጆችህ ስጣቸው፤ ይጫወቱበት።»

ሰውየው ስልኩን መቀበል እንኳ ረስቶ እየሮጠ ወጣ። ወይዘሮ ሩሐማ ሳል እስኪያቋርጣቸው ሳቁ። «ከሁሉም የምወደው ይሄን መናገር ነው» አሉ።

ወይዘሮ ሩሐማ ጅሩ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ንጋት ላይ በ61 ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን አቶ ደምሰውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና አራት ወንድሞችና እኅቶቻቸውን ትተው ሄደዋል። ለቀብራቸው ጉድጓድ ሊቆፍሩ ማልደው ከመጡት መካከል ምስጋና አንዱ ነበር፤ ከአዲሱ ቤቱ ነው የመጣው።

ያመኑት ጌታ ነፍሳቸውን በዕረፍቱ ስፍራ ይቀበል፤ ለአቶ ደምሰውና ለመላው ቤተሰብ፣ ከጂንካ እስከ ዲመካ ለሚያውቋቸው ሁሉ የሚያጸና መጽናናትን ያድል። አሜን።