በአንድ ጆሮ መሀል ሜዳን የመሩት አቶ ኤልቢዮ ባስታሪካ

አቶ ኤልቢዮ ባስታሪካ ከአባታቸው ከአቶ አንሴልሞ ባስታሪካና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዴልሚራ ሶሳ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1941 በኡራጓይ፣ በወንዝ ዳሯ ከተማ በፓይሳንዱ ተወለዱ። አባታቸው የወደብ ጫኝና አውራጆች አለቃ፣ እናታቸው ደግሞ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ነበሩ።

በሰባት ዓመታቸው ጆሮ ደግፍ ያዛቸው። በሽታው ሲለቃቸው የግራ ጆሯቸውን ይዞት ሄደ። ትምህርታቸውን ከአንደኛ ደረጃ እስከ ሁለተኛ ደረጃ በዚያው በፓይሳንዱ ሲከታተሉ፣ ወይዘሮ ዴልሚራ በየዓመቱ አስተማሪዎቹን እየለመኑ ቀኙ ጆሮ ወደ መምህሩ እንዲሆን ከግራ ጥግ ያስቀምጧቸው ነበር። ሜዳ ላይ ግን የሚለምንላቸው አልነበረም። ጓደኞቻቸው «ከኋላህ!» ብለው ሲጮኹ ድምፁ ከየት እንደመጣ ስለማይለዩ ብዙ ጊዜ ተጠልፈው ወድቀዋል። በዚህም ምክንያት ኳስ ሳይደርሳቸው አስቀድመው ግራና ቀኙን ማየት ለመዱ። ልጆቹም አንገቷን በማታሳርፈው የመስክ ወፍ ስም «ቴሮ» አሏቸው፤ በዚሁ ስም ቀሩ።

በ1961 በሞንቴቪዴዮ የሚገኘው የኑዌቮ አሮዮ ክለብ ለአማካይነት ፈለጋቸው። የክለቡ ሐኪም ግን ከመረመሯቸው በኋላ ለአሰልጣኙ ለአቶ ኦሮስማን ፔሉፎ፣ «ይሄ ልጅ በግራ አይሰማም። መሀል ሜዳ ካቆምከው እግሩን ይሰብሩታል» ሲሉ አስጠነቀቁ። አሰልጣኙ ጠርተው፣

«ለምን ደበቅከኝ?» አሏቸው።

«አልደበቅኩም፤ አልጠየቁኝም እኮ።»

«ታዲያ ከኋላህ ሰው ሲመጣ በምን ታውቃለህ?»

«ቀድሜ አያለሁ። አንድ ጨዋታ ይስጡኝ። ከኋላ መጥቶ ኳስ የቀማኝ ካለ፣ በማታው ባቡር ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።»

ጨዋታውን አገኙ። ከኋላ የቀማቸው አልተገኘም፤ አሰልጣኙም በማግሥቱ አስፈረሟቸው።

በ1964 በአንድ የጭፈራ ግብዣ ላይ ወይዘሮ ኦርፊሊያ ላሳርቴ በግራቸው ተቀመጡ። ብዙ አውርተው መልስ ሲያጡ፣ «ከግድግዳ ጋር ነው እንዴ የማወራው?» ብለው ተነሡ። አቶ ኤልቢዮ መነሣታቸውን ሲያዩ ደንግጠው ነገሩን አስረዷቸው። «እንግዲያው በቀኝህ ልቀመጥና ከመጀመሪያው ልጀምርልህ፤ ረጅም ነው ታዲያ» አሉ ወይዘሮ ኦርፊሊያ። በ1966 በፓይሳንዱ ተጋቡ፤ ሚርታን፣ ሄበርንና ዙልማንም ወለዱ።

የአቶ ኤልቢዮ ትልቁ ቀን የ1967ቱ የሊግ ውድድር የመጨረሻ ጨዋታ ነው። ኑዌቮ አሮዮ ዋንጫ አንሥቶ አያውቅም፤ ያን ቀን አቻ ቢወጣ ይበቃው ነበር። እስከ እረፍት ግን አንድ ለባዶ ተመራ። ከበሮውና የሕዝቡ ጩኸት ስታዲየሙን ሞልቶት ተጫዋቾቹ መደማመጥ አቃታቸው፤ እየተጠራሩ መጫወት የለመዱት ሁሉ ተበታተኑ። አሰልጣኙም ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር። በእረፍት ሰዓት አቶ ኤልቢዮ ብድግ አሉ፤ ከዚያ በፊት በቡድኑ መካከል ተነሥተው ተናግረው አያውቁም።

«መጮሁን ተዉት። እኔ ሁልጊዜም እንዲህ ነው የምጫወተው። ኳስ ስትፈልጉ እጃችሁን አንሡ፤ አያችኋለሁ።»

አጥቂው ዊልማር ታሮኮ፣ «ከኋላህ ብሆንስ?» ቢሏቸው፣ «ያኔም አይሃለሁ» አሉ።

ከእረፍት በኋላ ቡድኑ ቀስ በቀስ ተሰበሰበ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ዊልማር በግራ መስመር እጃቸውን አነሡ። አቶ ኤልቢዮ አስቀድመው አይተዋቸው ስለነበር፣ ዞር እንኳ ሳይሉ ኳሷን እግራቸው ሥር አደረሱላቸው። ግብ ሆነች፤ ዋንጫውም የኑዌቮ አሮዮ ሆነ። ሐኪሙ ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብተው አቅፈዋቸው፣ በማይሰማው ጆሯቸው በኩል አንድ ነገር ተናገሩ። አቶ ኤልቢዮ ምን እንዳሏቸው አልሰሙም፤ ይድገሙልኝም አላሉም።

ለብሔራዊ ቡድን ሁለት ጊዜ ተጠርተው ሁለቱንም ጊዜ ከተጠባባቂ ወንበር አልተነሡም። አንድ ክረምት ሙሉ ከፍቷቸው ነበር። በኋላ ግን «ከሁሉ የተሻለውን መቀመጫ በነፃ ሰጡኝ» እያሉ ያስቁን ነበር። ከ1970 ጀምሮ በኢኳዶር፣ በጓያኪል ሦስት የውድድር ዘመን ተጫውተዋል። በ1974 ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ጫማቸውን ሰቅለው ወደ ፓይሳንዱ ተመለሱ፤ በወንዙ ዳርም የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ መሸጫ ከፈቱ።

በ1998 የከተማው ክለብ የሴቶች ቡድን ሲያቋቁም አሰልጣኝ ጠፋ። አቶ ኤልቢዮ እሺ አሉ። በክለቡ ካርታ የሚጫወቱ ወዳጆቻቸው፣ «ዶን ኤልቢዮ፣ አርጅተው አርጅተው ከሴቶች ጋር ሊሮጡ ነው?» ብለው ሲቀልዱባቸው፣ «ምን ላድርግ፣ እናንተ መሀል የሚሰማ አጣሁ» ብለው መለሱ። ቡድኑን አሥራ ሦስት ዓመት አሠለጠኑ። ዛሬ አስከሬናቸውን ተሸክመው ያመጡት እነዚያ ተጫዋቾች ናቸው።

በ2018 የልብ ሕመም ገጠማቸው፤ ሐኪም ቢከለክላቸውም ሜዳ መሄዱን አልተዉም። ባለፈው እሑድ በዝናብ ውስጥ የልጅ ልጃቸው አብሪል ስትጫወት ተመለከቱ። ቡድኗ ሦስት ለባዶ ተሸንፎ ነበር።

«ተበላን እኮ አያቴ» አለቻቸው እያለቀሰች።

«አዎ፣ ተበላችሁ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት። በይ ነይ፣ አያትሽ ቶርታ ፍሪታ እየጠበሰች ነው፤ ሳይቀዘቅዝ እንድረስ።»

ወይዘሮ ኦርፊሊያ የጠበሱትን የሊጥ ጥብስ ከልጅ ልጃቸው ጋር በሉ። መስከረም 25 ቀን 2019፣ ረቡዕ ንጋት ላይ፣ በተወለዱ በ78 ዓመታቸው እንደተኙ አረፉ።

አቶ ኤልቢዮ ባለትዳር፣ የሦስት ልጆች አባትና የአምስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። እህታቸው ወይዘሮ ኢርማ ባስታሪካም በሕይወት ይገኛሉ። የደግ ሰው ነፍስ በምታርፍበት ስፍራ አምላክ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ለወይዘሮ ኦርፊሊያም ከእንግዲህ ለብቻ የሚቀርበውን ማዕድ የሚያስችል ብርታት ይስጥልን።