በረመዳን የቀመስኩት አናናስ

ሚዛን ተፈሪ፣ ነሐሴ 8 ቀን 2004 ዓ.ም.
የዛሬ ጠዋት፦ አናናስ ሠላሳ፣ ፓፓያ ዘጠኝ፣ አቮካዶ አንድ ጆንያ፣ ሎሚ አንድ ሰሃን።

ለእናቴ፣

ከላይ ያለው ቆጠራ አይግረምሽ፤ እጄ ወረቀት ሲያገኝ መጀመሪያ የሚጽፈው ዕቃ ነው። አሰላሙ ዐለይኩም። ጉልበትሽ ተሻለው? ጾሙስ በዚህ ዝናብ እንዴት ይዞሻል? እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነን። ባለቤቴም ደህና ነው፤ ሰሞኑን ለብቻው ይስቃል። ምክንያቱን በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩን የሚያነሳው ሁልጊዜ ወንድሜ ስለሆነ ነው። ይህን እኅቴ ዐፊፋ ብቻ ታንብብልሽ።

ጁስ ቤቱን ስከፍት የሚዛን ሰዎች ጓሯችን ወድቆ የሚበሰብሰውን ፍሬ መልሰሽ ልትሸጪልን ነው ወይ ብለው እንደሳቁብኝ ታስታውሻለሽ። አንቺም ለማን ብለሽ ነው ይህን ያህል የምትደክሚው ብለሽኝ ነበር። አልተቀየምኩም። የሳቁት ሰዎች ዛሬ ወረፋ ይዘው ይጠጣሉ።

ቡና ነጋዴው ሐጂ ጀዋር ለትናንት ማፍጠሪያ የስልሳ እንግዳ ጁስ አዘዙኝ። ከወደዱት፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ካሠሩት ሕንፃ የማዕዘኑን ሱቅ ለእኔ ሊያከራዩኝ ነው፤ ካልወደዱት ለኬክ ቤት። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ። ቀኑን ሙሉ የምጾመው በስኳር ውሃ ለማፍጠር አይደለም፣ ፍሬውን አጠጪኝ አሉኝ።

ችግሩ፣ የክረምት አናናስ ሽታው ያታልላል እንጂ ውስጡ ኮምጣጣ ነው። ምን ያህል ፓፓያ እንደሚያስተካክለው ካልቀመሱት አይታወቅም። በረመዳኑ መጀመሪያ የምትቀምስልኝ አብራኝ የምትሠራው ማናልሞሽ ነበረች። ነሐሴ ሲጠባ ግን ፍልሰታም ገባ፤ እሷም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ በአፏ አይዞርም። መብራት ደግሞ በፈረቃ ስለሆነ ስምንት ሰዓት ላይ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ መፍጫው አይሠራም።

ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ በላይነህ ፕሮቴስታንት ስለሆነ እሱን ጠራነው። ሦስት ብርጭቆ ቀምሶ ሦስቱም ቆንጆ ናቸው አለ፤ አራተኛ የለም ወይ ብሎም ጠየቀ። ማናልሞሽ ይሄ ሰውዬ ጠላ ቢሰጡትም ፓፓያ ነው ይላል፣ ስኳሩን ጨምሪና እንገላገል አለችኝ።

አልጨመርኩም። ብርጭቆውን አንሥቼ ራሴ ቀመስኩ። ፓፓያ ጨመርኩና እንደገና ቀመስኩ። ትንሽ ሎሚ ጠብ አደረግሁበትና ደግሜ ቀመስኩ፤ ልክ መጣ።

ማናልሞሽ ቢላዋዋን አስቀመጠች። አንቺ ሴት፣ ረመዳን ነው እኮ፣ ረሳሽው እንዴ? አለችኝ። አልረሳሁም አልኳት። ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ላነሣው የነበረውን ሙሉ ባልዲ ከእጄ ነጠቀችና ከዛሬ ጀምሮ ይህን አንቺ አታነሺም አለች። ዝም በይ፣ ገበያተኛ ይሰማል ስላት እልልታዋን በነጠላዋ አፈነችው።

አንቺም እኔ ከመወለዴ በፊት በነበረው ረመዳን አያቴ በቀን ብርቱካን እየላጠች ታበላሽ እንደነበር ነግረሽኛል። ያለፉኝን ቀኖች በኋላ እጾማቸዋለሁ።

ማታ አቮካዶውን ከታች፣ ፓፓያውን መሃል፣ አናናሱን ከላይ አድርጌ በየብርጭቆው ቀዳሁ። አንዱ ከአንዱ አልተደባለቀም። ሐጂ ጀዋር በተምር ካፈጠሩ በኋላ ቀመሱት፤ ጨረሱትና ድገሚኝ አሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ ቡና ስጭን ይህ ሁሉ ጓሮዬ ውስጥ ነበር ለካ አሉ። ባለቤታቸው ከድጁ ወደ ጓዳ ጠርታኝ ምን ጨምረሽበት ነው አለችኝ። ፍሬ ብቻ አልኳት፤ አላመነችኝም። ሳልወጣ ሱቁ የእኔ ሆነ።

ለማን ብለሽ ነው ላልሽኝ አሁን መልስ አለኝ፤ ፊት ለፊት ሆነን ብነግርሽ ይሻላል። መንገዱ ሲደርቅ ነይ። የምትቀመጪበትን ወንበር አዲሱ ሱቅ ውስጥ በጥላው በኩል አስቀምጥልሻለሁ። አላህ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ ይህን ሁሉ ለማየት ያብቃሽ።

የበኩር ልጅሽ

ነገ፦ ሁለት ሰዓት ላይ አማን ጤና ጣቢያ፣ ካርዴን ይዤ። ስመለስ የሱቁን ቁልፍ መቀበል።