ሦስተኛዋ ኢንጀክተር

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 6፤ ከሰዓት

መኪናዋ ዛሬም አልነሳም አለች። አራቱንም ኢንጀክተር ፈታሁ። ጫፋቸው ተበልቷል፤ ናፍታውን መርጨት ትተው ያንጠባጥባሉ። አባዬ መርሳ ከተማ አልጋ ከያዙ አምስት ቀናቸው። አውቶቡስ ላይ መቀመጥ አይችሉም፤ ደሴ ሆስፒታል የማደርሳቸው በዚችው በራሳቸው መኪና ነው። ስንት ዘመን ነድተው፣ ደህናዋን ለኔ ሰጡኝ። እኔ ወልዲያ ግቢዬ ውስጥ አቁሜ ገደልኳት። አፈርኩ። ሾፌሩ ጓደኛዬ ሙሄ ነገ ከደሴ ሌላ ኢንጀክተር ይዞልኝ ይመጣል።

ዓርብ 7፤ ከቀኑ 9 ሰ.

ማስታወሻዬ፣ ዛሬ ቀንቶኛል! ሙሄ አራቱንም አመጣ። መርሳ ሲያልፍ አባዬን አይቷቸው እንደሆነ ጠየቅኩት። ነገ ታገኛቸዋለህ አለኝ። ቀበሌ ሄድኩ። ለናፍታ ኩፖን ሳምንት የሚያመላልሰን ጓድ ሊ/መንበር ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ፈረመ። አስካለም ዕቃውን በአዲሱ ሰፌዷ ላይ ስደረድር አልተቆጣችኝም። ሚስቴን ማን ለወጠብኝ?

ማታ 3 ሰ.

ገጠምናቸው። ከየሥራቸው አዲስ የመዳብ ቀለበት፣ ሮንዴላ፣ አደረግን። ከቧንቧው አየር አስወጣን። ሁለቴ አሳላት፣ ተነሳች! አሁኑኑ ልሂድ አልኩ። ሙሄ ግን ሦስተኛዋ ትተነፍሳለች ብሎ ሞተሩን አጠፋ፣ መልሶ ፈታት። ችኩሉ ሙሄ ዛሬ ተንቀራፈፈብኝ! ሲያጥብ፣ ሲወለውል መሸ፤ ሰዓት እላፊ ሊደርስ ሆነ። ሰደብኩት። መፍቻውን መጥረግ ቀጠለ።

ቅዳሜ 8፤ ጠዋት 1 ሰ.

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል፤ ሊ/መንበሩ ሳይቀር። ከፊት ሙሄ። አባዬ ያረፉት ትናንት ጠዋት ነው።

መርዶ በማለዳ ነው፣ ወጉ ነው። እኔም የስንቱን በር አንኳኩቻለሁ። ግን ቀኑን ሙሉ! ሁሉም እያወቀ እኔ ለሞተ ሰው ኢንጀክተር ስቀይር! የአስካለን ዓይን ማየት አቃተኝ።

ሦስተኛዋ ምንም አልነበራትም። ብቻህን እየነዳህ፣ መርሳ በር ላይ ለቅሶውን እንዳትሰማ ብዬ ነው አለኝ ሙሄ።

1 ሰ. ተኩል

ቀብሩ ዛሬ 9 ሰዓት ነው። ሐራ ያለችው እህቴ ዘነበች አልሰማችም። ሙሄ ብቻውን ቢሄድባት ታውቃለች፤ አብሬው እሄዳለሁ። እንደኔ አትታለልም፣ እውነቱን እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ግን መርሳ ድረስ ያን ሁሉ መንገድ፣ እናት አባት የሆኗትን ሰው ሞት ተሸክማ... አይሆንም። አባዬን ትንሽ አሟቸዋል፣ ይፈልጉሻል እላታለሁ።

መኪናዋ በር ላይ ተነስታለች። አራቱም ይሠራሉ።

ነጠላዬን አቃንቼ ለበስኩ።