ከወገብ በላይ የተነሳሁት ፎቶ

ይድረስ ለወንድሜ ለአቢሶ፣

የጌታ ሰላም ከአንተ፣ ከእማዬና ከቤቱ ሁሉ ጋር ይሁን። እንደምን ከረማችሁ? የእማዬ ጉልበት ክረምቱን እንዴት ቻለው? እህታችን ኤርጎጌስ ወገቧን ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ስልህ ጤናዬን ብቻ ነው።

በሬውን ሸጠህ በሞያሌ በኩል ወደ እኔ ልትወጣ እንደ ቆረጥህ ኤርጎጌ በስልክ ነገረችኝ። እማዬም ፎቶዬን ይዛ ጉባኤ ፊት ቆማ፣ ልጄ በሰው አገር የደንብ ልብስ ለብሶ ይሠራል ብላ መሰከረች አሉ። ሕዝቡም እልል አለ፤ እኔ ግን እውነቱን ደብቄአችሁ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። በስልክ እንዳልነግርህ እማዬ ከአጠገብህ አትጠፋም።

ያ የደንብ ልብስ አይደለም። የምሠራበት ሱቅ ባለቤት የሆነው የፀጋዬ ሚስት አስካለች ልባሽ ጨርቅ በቦንዳ እያመጣች ትሸጣለች። አንዱ ቦንዳ ሲፈታ ቤዝቦል የሚሉት የአሜሪካኖች ጨዋታ ማሊያ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ከደረት እስከ ሆድ ብርቱካንማና ቢጫ መስመር ተጋድሞበታል፤ ሌላው ቢጃማ ይመስላል። ሰፊ ኮሌታ ያለው ጥቁር ሰማያዊው ደግሞ ከቁምጣ ጋር ነው። የሚገዛው ሲጠፋ ለእኔ ደረሰኝ። አስካለች ከወገብ በላይ ያነሳችኝ ጉልበቴ ራቁቱን ስለ ነበር ነው። እናንተ ያያችሁት ኮሌታውን ብቻ ነው።

ባባ ማሴኮ የሚባሉ ሽማግሌ ደንበኛ አሉ፤ በወጣትነታቸው ይህን ጨዋታ ተጫውተዋል። በሱቁ የብረት ፍርግርግ አሻግረው አይተውኝ፣ ማይ ፍሬንድ፣ የሱሪህን ግማሽ አይጥ በላው ወይ ብለው ሳቁብኝ። እዚህ እኛ መጤ ባለሱቆች ሁላችንም ማይ ፍሬንድ ነን፤ ስማችንን የሚጠይቅ የለም። እሳቸው እንደ ነገሩኝ፣ ድሮ አሜሪካ አንድ ቡድን የእውነት ቁምጣ ለብሶ ሜዳ ገብቶ ነበር። በጨዋታው መሬት ለመሬት መንሸራተት አለ፤ ጉልበት ይላጣል። ተመልካቹ ሳቀ፣ ልብሱም ጥቂት ጊዜ ተለብሶ ቀረ። ቁምጣውን ያሰፋው ሰው ራሱ አይንሸራተትማ፣ አሉኝ።

እንግዲህ እውነቱን ስማ። አይቮሪ ፓርክ በሚባል ሰፈር ውስጥ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ እሸጣለሁ፤ እዚያው ከዱቄቱ ጎን እተኛለሁ። የመኖሪያ ወረቀቴ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ዕቃ የሚያመጣው ፀጋዬ ነው። ወረቀት የሚጠይቁ ሰዎች በየሱቁ በር ላይ መቆም ከጀመሩበት ከፋሲካ ወዲህ፣ ከደጃፉ ሦስት እርምጃ አልራቅሁም። ትሮይቪል ሰፈር ያለውን የቸርቻችንን መዝሙር በስልክ እሰማለሁ። ልመለስ ብል እንኳ ያለ ወረቀት ድንበሩን የማልፍበት መንገድ የለኝም።

ፀጋዬ፣ አቢሶ ይምጣ፣ እሱ ሲተካህ አንተ ወጣ ወጣ ትላለህ ይለኛል። ሁለት ቀን አሰብኩበት። ማሰቤንም እወቅልኝ። እንድትመጣ የተፈለገው እኔ ያለሁበት ቦታ ሰው ስለሚያስፈልገው ነው። አትምጣ።

ዛሬ ብርድ ቢሆንም ቁምጣውን ለብሼ ቆምኩ። አስካለች ከፍርግርጉ ወዲያ ሆና ሙሉ ቁመቴን አነሳችኝ። ወረቀት ያላት የአገራችን ልጅ ድንቅነሽ ለለቅሶ ወደ አገር ስለምትሄድ ፎቶውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በእጇ ልኬልሃለሁ። የቀድሞውን ከግድግዳ አውርድና ይህን ስቀል። እማዬ ካለቀሰች ታልቅስ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ኤርጎጌን ስለ ነገረችኝ አትቆጣት። ልጆቿን አንድ በአንድ ሳምልኝ፤ በቁምጣዬ ቢስቁ ተዋቸው።

ወንድምህ ምሕረቱ
አይቮሪ ፓርክ፣ ጆሃንስበርግ
ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.