ጸሐይነሽን ሳስታምም

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? ያ ሳል ለቀቀሽ ወይ? ሥራስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ደብዳቤ መጻፌ እንዳይገርምሽ። በስልክ ሲሆን አንቺ ትቸኩያለሽ፣ እኔ ደግሞ አለቅሳለሁ። አማርኛው ከከበደሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ይህን የምጽፍልሽ ከጄኔቫ አይደለም፤ ከረገንስዶርፍ ነው፣ ካንቺ ቤት ብዙም ሳልርቅ።

ባለፈው ሳምንት የሴቶች ማኅበራችን ሰብሳቢ ውቢት ደወለችልኝ። ዙሪክ አጠገብ አንዲት የአገራችን ሰው ሆዷን ኦፕራሲዮን ሆና ከሆስፒታል ወጥታለች፤ የሚያስታምማት የላትም፤ ተራው ያንቺ ነው፣ ግን ስሟን ስትሰሚ ብትተዪው ማንም አይቀየምሽም አለችኝ። ጸሐይነሽ ናት። አባትሽ እኛን ትቶ ያገባት ጸሐይነሽ። ከእሱ ቀብር ወዲህ አንቺም እኔም ስሟን አንስተን አናውቅም። ውቢት መልሴን ስትጠብቅ፣ ከባቡር ወርጄ የምይዘው የትኛውን አውቶቡስ ነው? አልኳት። ከአፌ የወጣው ይኸው ነው።

ዓርብ ዕለት የዶሮ ሾርባ በፔርሙስ ይዤ ደረስኩ። በሩን የከፈተችልኝ ግድግዳውን ተደግፋ ነው። ያቺ መለሎ ሴት አጥንቷ ብቻ ቀርቷል። ስታየኝ ፊቷን አዞረች። ማኅበሩ ሌላ ሰው አጥቶ ነው? አለችኝ። ተራዬ ደርሶ ነው አልኳት። ግቢ አላለችኝም፤ በሩንም አልዘጋችብኝም። ገባሁ።

መጀመሪያ ላይ ብዙም አላወራንም። ጠዋት ጠዋት ቤት ለቤት እየዞረች የምታክም የሽፒቴክስ ነርስ መጥታ ቁስሏን አጽድታ ትሄዳለች፤ የቀረው የእኔ ነው። ሾርባ አጠጣታለሁ፣ አንሶላ እቀይራለሁ፣ ደግፌ መጸዳጃ ቤት አደርሳታለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የማስታምማት በእጄ ነበር እንጂ በልቤ አልነበረም።

እሁድ ፀጉሯን ላጥባት ብዬ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ውሃውን ሳፈስባት ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። በረደሽ እንዴ? ብላት፣ አይደለም፤ ልትሰድቢኝ የመጣሽ መስሎኝ መልሱን ሳዘጋጅ ነው የሰነበትኩት፣ አሁን ምን ልበልሽ? አለችኝ። ምንም አትበዪ፤ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ሳሙና ይገባብሻል አልኳት። ሳቅ አመለጣት። እኔም ሳቅኩ። ቁስሏን በሁለት እጇ ይዛ ነበር የምትስቀው፣ የኔ ምስኪን። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። ስለ አባትሽ ግን አንዲት ቃል አልተነጋገርንም።

ከዚያ ወዲህ እህል መቅመስ ጀመረች። ትናንት የምስር ሾርባ ሠራሁላት። አንድ ማንኪያ ቀመሰችና ሎሚ ይጎድለዋል አለች። ምስር ላይ ሎሚ ማን አስለመደሽ? አልኳት። አንዲት ልጅ አለች አለችኝ፤ ከታመምኩ ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ ትመጣለች፤ ታበስልልኛለች፣ እግሬን ታሽልኛለች፣ አልጋዬን አንጥፋልኝ ትሄዳለች። ማን ናት አትበዪኝ፣ ለማንም እንዳልናገር አደራ ብላኛለች አለች።

በዕድሜዬ ምስር ላይ ሎሚ የምትጨምቅ አንዲት ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ! ለጸሐይነሽ ይህን አልነገርኳትም፤ ማን ናት ብዬም አልጠየቅኋትም። ተነስቼ ሎሚ ቆረጥኩላት።

አቅም እስክታገኝ ጄኔቫ ወስጄ እኔ ጋ ላሳርፋት አስቤያለሁ። መጀመሪያ አሻፈረኝ አለች፤ ዛሬ ጠዋት ግን ቤትሽ ደረጃ አለው ወይ? ብላ ጠየቀችኝ። አሳንሰር አለ አልኳት። የድሮ ክፍልሽን ብንሰጣት ቅር እንደማይልሽ አውቃለሁ። እስከሚቀጥለው ሳምንት ግን እዚሁ ነኝ።

ልጄ፣ በሽተኛ የዳሰሰ እጅሽ አይታመም። የደበቅሽውን ደግነት እሱ በአደባባይ ይክፈልሽ። ደጅሽ ሰው አይጣ። እኔንም ይህን ለማየት ያቆየኝ አምላክ ይመስገን።

ሐሙስ በሩን የምከፍትልሽ እኔ ነኝ፤ እንዳትደነግጪ።

እናትሽ